ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ

የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በሚያዝያ ወር 2017 ዓ. ም. መቶ ዓመት ሞላው። በኋላ ዘመን ስሙ ተለውጦ እንጦጦ ቢባልም፥ የቀድሞ ተማሪዎቹ ዛሬም ድረስ በመጀመሪያ ስሙ ይጠሩታል። ስለ ታሪኩ በተነገረ ጊዜ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የመሠረቱት የልዑል ራስ ተፈሪ መኮንን ስም ነው። ይህም የተገባ ነው፤ በራሳቸው ገንዘብ አሠርተውታልና። ነገር ግን ሕንፃ ብቻውን ትምህርት ቤት አይሆንም። በሩ በተከፈተ ጊዜ መምህራኑንና ተማሪዎቹን እንዲያስተዳድሩ አደራ የተሰጣቸው ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል ስማቸውን እንጂ ታሪካቸውን የሚያውቅ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ልንጽፍላቸው ወደድን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ. ም. በጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት እየደከመ የሄደበት፥ ጎንደርም የተጨነቀችበት ጊዜ ነበር። ቤተ ሰቡ ከብዙ ሰዎች ጋር ወደ መቅደላ አምባ ተወሰደ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት ከባሕር ተነሥቶ፥ ዝሆን ሳይቀር እየነዳ፥ ያን ሁሉ ተራራ ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በዚያ ቀን በሆነው ሽብር እናትና አባት ከልጅ ተለያዩ። ሦስት ዓመት ተኩል ያህል የሆነው ሕፃን ወርቅነህ ብቻውን ተገኘ። ከእንግሊዞቹ መኰንኖች አንዱ፥ ኰሎኔል ቻምበርሌይን የሚባለው፥ አንሥቶ ወሰደው። ጦሩ በተመለሰ ጊዜም ሕፃኑ በመርከብ ተጭኖ ወደ ህንድ አገር ሄደ።

ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን አንድ ብቻ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ሲሆን፥ እርሱን ወደ እንግሊዝ አገር ወሰዱት። ንግሥት ቪክቶሪያ ወደደችው፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶችም አስገቡት። ሆኖም አገሩን እንደ ናፈቀ በኅዳር 1872 ዓ. ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድሰርም ተቀበረ። የንጉሥ ልጅ የሆነው ብዙ ጠባቂ እያለው ሳይመለስ ቀረ። ማንም የማያውቀው የጎንደሩ ልጅ ግን አገሩን ለማየት በቃ። የሁለቱን ዕድል አስተያይቶ የማይገረም ሰው ያለ አይመስለንም።

ህንድ አገር እንደ ደረሱ ቻምበርሌይን ብዙ ሳይቈይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ኰሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ወርቅነህ የሚለው ስም ጠፋ። አማርኛውም ጠፋ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና የህንድ ቋንቋ እየተማረ አደገ። ሌላው ልጅ በእረፍት ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ እርሱ የሚሄድበት ቤት አልነበረውም። ከዚህ የተነሣ ይሁን ወይም ከተፈጥሮው፥ በትምህርት ላይ እጅግ የጸና ሆነ። ላሆር ከተማ በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1874 ዓ. ም. ገና ወጣት ሳሉ ሐኪም ሆነው ወጡ። በ1880ዎቹ መጀመሪያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አሟልተው የሙሉ ሐኪምነት ማዕርግ አገኙ። ከዚያ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በነበረችው በበርማ የሐኪም ሹመት ተሰጣቸው።

እንግዲህ እስከዚህ ያለው ታሪክ ቢቆም ኖሮ፥ በሩቅ አገር ደኅና ኑሮ የሚኖሩ፥ ደመወዛቸው የማይጐድል አንድ ሐኪም ነበሩ ብለን በዘጋነው። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. የዓድዋ ጦርነት ሆነ። የኢትዮጵያ ሠራዊት የጣሊያንን ጦር ድል የማድረጉ ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ በርማም ደረሰ። ዶክተር ማርቲን ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ ከማን ቤት እንደ ተወለዱ ግን አያውቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ አገራቸው የመሄድ ሐሳብ አልለቃቸውም። ፈቃድ ጠይቀው፥ ገንዘባቸውን አጠራቅመው፥ በዘይላ በኩል ጕዞ ጀመሩ። በ1892 ዓ. ም. አካባቢ አዲስ አበባ ገብተው ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። ሲቀርቡ የሚናገሩት በአስተርጓሚ ነበር።

ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ተሰማ። ከሰሙትም መካከል የገዛ አያታቸው ነበሩ። እኒህ ሴት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲፈልጉት የኖሩት የልጅ ልጅ መሆኑን ለማረጋገጥ በክንዱና በእግሩ ላይ ሊገኝ የሚገባውን ጠባሳ ተናገሩ። ቢታይ እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ሐኪሙ በጎልማሳነታቸው ስማቸው ወርቅነህ፥ የአባታቸውም ስም እሸቴ እንደ ሆነ ተረዱ። አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲገናኙ በአንድ ቋንቋ መነጋገር አልቻሉም። ከጦርነት ጕዳት ሁሉ ይህን የመሰለውን የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው ያለ ዋጋ ሕመምተኛ ያክሙ ጀመር። በዚያ ዘመን በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ድንኳናቸው በር ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነበር። በ1893 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ጦር ወደ ኦጋዴን በዘመተ ጊዜም አብረው ዘምተዋል። ከዚያ በኋላ ግን ተመልሰው ወደ በርማ ሄዱ። አገራቸውን ካገኙ በኋላ ስለ ምን ሄዱ ብለው የሚወቅሷቸው ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም የሚጠይቅ አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ግን ወቀሳው ትክክል አይደለም። በርማ ያለው ሥራ ዘመኑ ሲያልቅ የጡረታ ገንዘብ ያስገኛል። ያ ገንዘብ በኋላ በአገራቸው የማንም መኰንን እጅ ሳያዩ፥ ያመኑበትን ለመናገር አስችሏቸዋል። ደጅ ጥናት በበዛበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

በ1900 ዓ. ም. በእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪምነት ዳግመኛ መጡ። ዐፄ ምኒልክ በታመሙበት ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። በዚሁ ጊዜ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ በርማ ሄደው የሥራ ዘመናቸውን ጨረሱና በ1911 ዓ. ም. ጡረታ ወጥተው ከነቤተ ሰባቸው ለመኖር ወደ አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ የሚያስበው ስለ ማረፍ ነው፤ የእርሳቸው ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ. ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት የባሪያ ንግድንና ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጅ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ነፃ የወጣው ልጅ የት ይደር፥ ምን ይብላ፥ ምን ይማር የሚለው ሌላ ነው። ለነፃ ወጪዎቹ ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ላይ ራስ ተፈሪ የሾሟቸው ሐኪም ወርቅነህን ነበር። ከእናት ከአባት ተነጥሎ በባዕድ እጅ ማደግ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ያነበቡት አይደለምና ለዚህ ሥራ ከእርሳቸው የሚሻል ሰው የት ይገኛል?

በዚህ ላይ ሳሉ የትምህርት ቤታችን ሕንፃ ተፈጸመ። ከዚያ ቀደም በአዲስ አበባ የነበረው ዋናው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዐፄ ምኒልክ ያቆሙት የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት ሲከፈት ቤተ ክህነት የባዕድ አገር ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብላ ስለ ፈራች፥ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። አለቃቸውም ሐና ሳሊብ ነበሩ። እንዲህ ያለው ፍርሃት በ1917 ዓ. ም. ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ታላላቅ ሰዎች ልጆቻቸውን ለመስጠት ያመነቱ ነበር፤ የፈረንጅ ቋንቋ የተማረ ልጅ ጾም ይሽራል፥ ታላቁን ይንቃል ይባል ነበር። የቄስ ትምህርት ቤትና ዳዊት መድገም እንደ በቂ የሚቈጠርበት ዘመን ነበርና ወላጆቹን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ. ም. ልዑል አልጋ ወራሽ መኳንንቱንና የመንግሥታቱን መልእክተኞች ሰብስበው ትምህርት ቤቱን መርቀው ከፈቱ። መኳንንቱም በየበኩላቸው ትምህርት ቤት እንዲያሠሩ መከሩ። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መታተም የጀመረው በዚሁ ዓመት ነው። ስለዚህ የሚያነበውን ልጅና የሚነበበውን ጋዜጣ ያስገኘው አንድ ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

የሐኪም ወርቅነህ ሥልጣን የበላይ ተቆጣጣሪነት ነበር። ይህ ሹመት ከላይ ሲያዩት ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን የትምህርት ታሪክ አዲስ ነገር ነበር። መምህራኑ ከባሕር ማዶ የመጡ ሲሆኑ ከበላያቸው የተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ነው። ያውም ኢትዮጵያዊ የፈረንጁን ትምህርት በፈረንጁ አገር ተምሮ የፈጸመ፥ እነርሱ ይህ አይቻልም ቢሉት እንደሚቻል አይቶ የመጣ ሰው ነው። ተማሪዎቹም በየቀኑ የሚያዩት ይህንኑ ነበር። አንድ ልጅ ስለ ሥልጣኔ አሥር ጊዜ ቢነገረው የማይገባውን፥ የአገሩ ሰው መምህራንን ሲያዝዝ አንድ ጊዜ ቢያይ ይገባዋል።

ትምህርቱ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የነበረው ፉክክር ዛሬ ሲያስቡት ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን የመንግሥታት ጕዳይ ነበር። የምድር ባቡሩ የፈረንሳዮች ስለ ነበረ፥ ከውጭ መንግሥታትም ጋር የሚጻጻፉት በፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፥ ፈረንሳይኛ የበላይነት ነበረው። የሐኪም ወርቅነህ ዝንባሌ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ነበር፤ ይህም ወዳጅን ያህል ተቃዋሚ አፍርቶላቸዋል። እንደ እንግሊዝ ሰው የሚቈጥሯቸውም ነበሩ። እርሳቸው ግን የልጆቹን የአገር ቋንቋ አልናቁም። ለዚህ ምስክሩ በአማርኛ ያዘጋጁት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1920 ዓ. ም. ገደማ በታተመ ጊዜ ስለ ዓለም ባሕርና የብስ፥ ስለ መንግሥታትና ስለ ከተሞቻቸው በአማርኛ ሊነበብ የሚችል ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። አማርኛውን በሕፃንነቱ የተነጠቀ ሰው በሽምግልናው ለአማርኛ አንባቢ የዓለምን መልክ ጻፈ ማለት፥ በእኛ ዘንድ ከሹመታቸው ሁሉ ይበልጣል።

ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡት መካከል የታወቁትን ሁሉ ለመቍጠር ቦታ አይበቃንም። ከቀድሞዎቹ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ብቻ እናንሣ። በጎጃም በቤተ ክህነት ትምህርት አድገው አዲስ አበባ መጥተው እዚህ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር ተወሰዱ፤ በ1958 ዓ. ም. ደግሞ ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ። ቅኔ ቤቱና የፈረንጅ ትምህርት ቤቱ በአንድ ሰው ውስጥ ተስማምተው መኖር እንደሚችሉ ለሚጠራጠር ሰው፥ መጽሐፉን ያንብብ ማለት ይበቃል።

ወደ ሐኪም ወርቅነህ እንመለስ። በ1920 ዓ. ም. ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ከአንድ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ስለ ዓባይ ውሃ ከእንግሊዝ ሌላ ከማንም ጋር አትነጋገሩም ለሚሉት ይህ ትልቅ ድንጋጤ ነበር፤ የእንግሊዝ ወዳጅ ነው ተብለው ሲታሙ የነበሩትም እኒሁ ሰው ነበሩ! ኒው ዮርክ ሳሉ ሐርለም ወደሚባለው ሠፈር ሄደው፥ የእጅ ሥራና ልዩ ልዩ ዕውቀት ያላቸው ጥቍር አሜሪካውያን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል።

ከ1923 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። መቀመጫቸው አሰበ ተፈሪ፥ ዛሬ ጭሮ የምትባለው ከተማ ነበረች። በዚያን ጊዜ ገዥ የሚኖረው ከሕዝቡ በሚሰበስበው ግብር ነበር። እርሳቸው ግን ለሹማምንቱ የታወቀ ደመወዝ እንዲከፈል፥ የተለያየው ግብር ተጠቃሎ በአንድ ዐይነት እንዲሰበሰብ አደረጉ። መንገድ አስጠረጉ፤ ትምህርት ቤትና ሕክምና አቋቋሙ፤ የተማሩ ወጣቶችንም ከአጠገባቸው አሠሩ። ጨርጨር ለሌሎቹ ግዛቶች አርአያ ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተደረገበት አገር ነበር። ተስፋው እንዳይፈጸም ያደረገው የፋሺስት ወረራ ነው።

በ1927 ዓ. ም. መጨረሻ፥ ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፥ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ሞልቶ ነበር። በአዳራሹና በጋዜጣው ስለ አገራቸው ሲከራከሩ፥ ለቀይ መስቀል ገንዘብ ሲለምኑ ከረሙ። በእንግሊዞች እጅ ማደጋቸው ሲያስጠረጥራቸው የኖረ ሰው፥ አሁን የእንግሊዝን ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ይከሱት ጀመር። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰድደው በግንቦት 1928 ዓ. ም. ሎንዶን ሲገቡ ከተቀበሏቸው መካከል ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ጥቂት ቈይቶ የጣሊያንን ወረራ ዐወቀ። ለጋሲዮኑም ገንዘብ አጠረው።

የሁሉ ክፉ ግን የካቲት 1929 ዓ. ም. ነው። ቢንያምና ዮሴፍ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው አገራቸው ስትወረር ለመዋጋት ገብተው ነበር። በምዕራብ ኢትዮጵያ የተማሩ ወጣቶችና የሆለታ መኰንኖች ባቋቋሙት በጥቍር አንበሳ ማኅበር ውስጥ ሆነው ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። ጦሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከቦ እጁን ሲሰጥ እነርሱም ተያዙ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ፋሺስቶች አዲስ አበባን በደም አጠቡ፤ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱትን ወጣቶችም ከየቤቱና ከየእስር ቤቱ እየለቀሙ ገደሉ። ቢንያምና ዮሴፍም ከተገደሉት መካከል ናቸው። መማር ራሱ ወንጀል ሆኖ ተቈጠረ። አባታቸው ይህን የሰሙት በባሕር ማዶ ሆነው ነው።

የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያ ትውልድም በዚያ ዓመት ተመናመነ። አገሪቱ ነፃ በወጣች ጊዜ መንግሥት ለመሥሪያ ቤቶቹ የተማረ ሰው አጥቶ የተቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ ዳግመኛ ተከፍቶ በ1938 ዓ. ም. ገደማ ከካናዳ በመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር መምህራን እጅ ሲሰጥ፥ ሃይማኖት እንዳይሰብኩና የካህን ልብስ እንዳይለብሱ ተደርጎ ነበር። አለቃቸው ዶክተር ማት በ1943 ዓ. ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ መሠረቱ። በሐኪም ወርቅነህ ዘመን የፊደልና የቋንቋ ትምህርት ከሚሰጥበት ግቢ እስከ ኰሌጁ ድረስ 26 ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ አምስቱ የጠላት ዘመን ነበሩ።

ሐኪም ወርቅነህ ከእንግሊዝ አገር ወደ አደጉባት ወደ ህንድ ሄደው ቈይተው በ1934 ዓ. ም. ወደ ነፃይቱ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከእንግዲህ ወዲህ ትልቅ ሹመት አልያዙም፤ ዕድሜውም አልፈቀደም። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ. ም. በ88 ዓመታቸው ገደማ ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው፤ የሕይወታቸውንም ታሪክ ጽፈው ትተዋል። ታሪክ ጸሓፊው ፒተር ጋሬትሰን በ2004 ዓ. ም. ያሳተመው መጽሐፍ ብዙውን ያገኘው ከዚህ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።